ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለምትነቁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ውስጥ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ "ምን ሆንክ?" አልልም። "እንቅልፍህ እንዴት ነው?" ነው የምለው።

አንድ የግቢ ተማሪ አይረሳኝም። እጆቹን ጉልበቱ መሃል ቀብሮ ተቀመጠ። "ሲስተር፣ 9 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይፈጣል። እስኪነጋ ጣራ ጣራውን አያለሁ" አለኝ። ገና ጋደም ከማለቱ ሕልም ይወረዋል። ጠዋት ክፍል ስለሚቀር የዶርም ልጆች ሰነፍ ይሉታል። እናቱ ዱካክ ነው ብለው ጸበል ወስደውታል። ያለብህ ድባቴ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው፤ ጸበሉን ቀጥል፣ ሕክምናውንም ጀምር አልኩት።

ለእሱ ያስረዳሁትን ለእናንተም ልንገራችሁ። እንቅልፍ በዙር ነው የሚሄደው። አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ነው። ቀድሞ የሚመጣው ሰውነት የሚያርፍበት ከባዱ እንቅልፍ ነው። ዓይናችን ተከድኖ ወዲያ ወዲህ የሚልበት፣ ሕልም የሚደምቅበት እንቅልፍ ተራው ኋላ ነው። ይህንን የሕልም እንቅልፍ አዘሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ የቺካጎ ተመራማሪዎች በ1953 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል። ድባቴ ብዙ ሰው ላይ ተራውን ያፋልሰዋል። ከባዱ እንቅልፍ ይሳሳል፤ ሕልሙ ቀድሞ ይገባል፣ ይረዝማልም። ከዚያ ሳይነጋ መንቃት ይከተላል። አንዳንዱ፣ በተለይ ወጣት፣ በተቃራኒው ቀኑን ሙሉ ቢተኛም አይጠግብም። ሁለቱም ስንፍና አይደለም።

ሌሊቱ ቢከፋም ጠዋት በተለመደው ሰዓት ተነሱ። ጣና ዳር ወርዳችሁ ፀሐይዋን ፊታችሁ ላይ ተቀበሉ። የሰውነትን ሰዓት የሚያስተካክለው የጠዋት ብርሃን ነው። ጫትና ጨብሲን ግን እባካችሁ ተዉት። ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል፤ በመጠጥ የመጣ እንቅልፍ ደግሞ ሌሊቱ ሲጋመስ ይቆራረጣል።

መድኃኒት የጀመራችሁ፣ በራሳችሁ አታቋርጡ። ብዙዎቹ የድባቴ መድኃኒቶች የሕልሙን እንቅልፍ ይቀንሳሉ። ድንገት ሲቆሙ ሕልሙ እንደ ጎርፍ ይመለሳል። ይህን አይቶ "መድኃኒቱ አሳበደኝ" ብሎ የሸሸ ሰው አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

እንቅልፉ ከተዛባ፣ ደስታው ከጠፋ ሁለት ሳምንት ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሩ፤ እስኪነጋም አትጠብቁ። 9 ሰዓትም ቢሆን አጠገባችሁ ያለውን ሰው ቀስቅሱ።