ሴት፣ ምድርና ልቦለድ፦ ጥያቄና መልስ

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ሴትንና ተፈጥሮን አብረው የሚያነሱ ልቦለዶችን ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ኢኮፌሚኒዝም የሚባለው ምንድን ነው?

መልስ፦ ቃሉን በ1974 በመጽሐፏ ያስተዋወቀችው ፈረንሳዊቷ ፍራንሷዝ ዶቦን ናት። ሴትን የሚገዛውና ጫካን የሚመነጥረው አስተሳሰብ ሥሩ አንድ ነው የሚል ሐሳብ ነው። ያ አስተሳሰብ ሁለቱንም “የኔ ናቸው፣ እንዳሻኝ” ይላል።

ጥያቄ፦ ሴትን በምድር መመሰል ምኑ ላይ ነው ክፋቱ? እኛም እኮ “እናት አገር” እንላለን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም እላለሁ፤ ስለውም ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ምስሉ የሚሸፍነው ነገር ነው። ምድር ትሰጣለች እንጂ አትጠይቅም። ሴትም እንደዚያው ናት ከተባለ ልፋቷ እንደ ተፈጥሮዋ ይቆጠርና የሚያመሰግናትም የሚከፍላትም ይጠፋል። ሕንዳዊቷ የምጣኔ ሀብት ምሁር ቢና አጋርዋል በ1992 ይህንን በደንብ አስረድታዋለች። የገጠር ሴቶችን ከጫካ ጋር ያስተሳሰራቸው እንጨት መልቀሙና ውሃ መቅዳቱ በእነሱ ላይ መውደቁ፣ የመሬቱ ባለቤትነት ግን በሌላ እጅ መሆኑ ነው እንጂ ሴት ሆኖ መፈጠር ብቻውን አይደለም። ስለዚህ ደራሲ “መስኩ እንደ ሙሽራ አጊጧል” ሲለኝ፣ በዚያ መስክ እንስራ ተሸክማ የምታልፈዋ ሴት በመጽሐፉ ውስጥ ስም አላት ወይ ብዬ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ የኮሪያዊቷን ደራሲ የሃን ካንግን “ዘ ቬጀቴሪያን” አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ሴትየዋ ዛፍ ልሁን ማለቷ እብደት ነው ወይስ ነፃነት?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አቅቶኝ ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን ምረጡ መባላችን ራሱ ወጥመድ ይመስለኛል። መጽሐፉ በ2007 በኮሪያ ሲወጣ ሦስት ክፍል ነበረው፦ አንዱ በሴትየዋ በዮንግ ሄ ባል አንደበት፣ ሁለተኛው የእህቷን ባል፣ ሦስተኛው እህቷን ተከትሎ ይተረካል። ዮንግ ሄ ራሷ ከሕልሟ ቁርጥራጭ በቀር የምትናገርበት ቦታ የላትም። ሥጋ አልበላም ስትል አባቷ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ማዕድ በጥፊ መትቶ በግድ አፏ ውስጥ ይከትታል። እርድን አልቀበልም ያለችው ሴት የራሷ ገላ እንደ ሥጋ ተያዘ። ዛፍ ልሁን ማለቷን የማነበው ማንንም የማይጎዳ ገላ ፍለጋ አድርጌ ነው። መጽሐፉ ግን ዛፍነቷን አያስውበውም፤ እህቷ ኢን ሄ ልጇን እያሳደገች፣ ሆስፒታል እየተመላለሰች፣ የሁሉንም ሸክም ትሸከማለች። ሁለተኛ ጊዜ ስታነቢው ዐይንሽን ከኢን ሄ አትንቀዪ።

ጥያቄ፦ በእነዚህ መጽሐፎች ወንዱ ሁሉ አጥፊ፣ ሴቷ ሁሉ ንጹሕ አትሆንም?

መልስ፦ በደካማዎቹ ትሆናለች። የካናዳዊቷ ደራሲ የማርጋሬት አትዉድ “ሰርፌሲንግ” (1972) ይህንን ያፈርሰዋል። ተራኪዋ በሰሜን ኩቤክ ሐይቅ ዳር ተገድሎ የተሰቀለ ሽመላ መሰል ወፍ ታያለች። ገዳዮቹ አሜሪካውያን ናቸው ብላ ትጠላቸዋለች፤ እንደሷው ካናዳውያን ሆነው ይገኛሉ። ቆይቶም የራሷን ድርሻ መመርመር ትጀምራለች።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ የቤሲ ሄድ “ዌን ሬይን ክላውድስ ጋዘር” (1968)። ደራሲዋ ከደቡብ አፍሪካ ወጥታ ቦትስዋና ተሰድዳ የጻፈችው ነው። ወንዶቹ ከብት ይዘው ርቀው ይሄዳሉ፤ አፈሩን የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። ፖሊና የመንደሩን ሴቶች ትንባሆ ለማልማት ታስተባብራለች። ድርቅ ሲመጣ ከብት ጥበቃ የላከችው ትንሽ ልጇ ብቻውን ይሞታል። ከእንጨት የቀረጻቸው ነገሮች በጎጆው ውስጥ የሚገኙበትን ቦታ ስትደርሱ ዝግ ብላችሁ አንብቡ።