2,900 ዩሮው ሁሉ እጅሽ አይገባም

እትዬ፣ እንዴት ከረሙ?

የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። 29 ዓመቴ ነው፤ ነርስ ነኝ። ሁለት ዓመት ጀርመንኛ ተምሬ ፈተናውን አለፍኩ። አሁን ከአንድ ሆስፒታል ውል መጥቶልኛል። ደመወዙ በወር 2,900 ዩሮ ይላል። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ብሩቶ» የሚል ቃል አለ። ሳይቆረጥ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስንት እንደሚቆረጥ ግን የነገረኝ የለም።

ታናሽ እህቴ ጂዳ ነች። 1,000 ሪያል ተባለች፣ 1,000 ሪያል ትቀበላለች። ቤተሰቡም የእኔን እንደዚያው ቆጠረው። ባለቤቴ ኮምቦልቻ መምህር ነው፤ ልጅ ገና አልወለድንም። ቁጭ ብለን አሰላን። ሆስፒታሉ ለሚሰጠኝ ክፍል 450፣ ለምግብ 300። በቀረው ተማምኜ በወር 1,500 ዩሮ እልካለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ሐይቅ ያለው የእናቴ ቤት ጣሪያ ሊቀየር ነው። ባለቤቴ ደግሞ ትልቅ ዕቁብ ሊገባ ስሙን አስመዝግቧል፤ በሚቀጥለው ወር ይጀመራል። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ይደርሰኛል?

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደሴ

*

እህቴ፣ አብሽሪ። ሳትሄጂ መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የጠየቅኩት ከሄድኩ በኋላ ነበር።

1,500 ዩሮ አይደርስሽም። ለምን እንደሆነ ላሳይሽ።

የእህትሽ ልክ ነው። ሳዑዲ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም። ጀርመን ግን ገንዘቡ አካውንትሽ ሳይገባ ነው የሚቆረጠው፤ የሚተርፈው «ኔቶ» ይባላል። አገር ቤት ከደመወዝሽ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጥብሽ የለ? ያው ነው፤ እዚያ ቆራጩ ይበዛል።

በአውሮፓውያን 2025 ስሌት እንሥራው። ለጡረታ 9.3 በመቶ፣ ወደ 270 ዩሮ። ለሥራ አጥነት መድን 1.3 በመቶ፣ 38 ዩሮ። ለጤና መድን በአማካይ 8.55 በመቶ፣ 248 ዩሮ። ለእንክብካቤ መድን፣ ማለትም ሰው አርጅቶ ወይም ታሞ ራሱን መርዳት ሲያቅተው ለሚያስፈልገው እርዳታ፣ ልጅ ስለሌለሽ 2.4 በመቶ፣ 70 ዩሮ። እስከዚህ ብቻ ወደ 625 ዩሮ ሄደ። አሠሪሽ ከራሱ ኪስ ወደዚህ የሚጠጋ ገንዘብ ጨምሮ ይከፍልልሻል፤ እሱ ከ2,900ው ላይ አይነካም። ከዚያ የገቢ ግብር አለ፣ ወደ 280 ዩሮ። እጅሽ የሚገባው 2,000 ዩሮ ገደማ ነው።

ግብሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። «ያገባሁ ነኝ፣ ይቀነስልኛል» ትዪ ይሆናል። ጀርመኖች ሠራተኛውን በግብር መደብ ይከፍሉታል፤ «ሽቶየርክላሰ» ይሉታል። ባለቤትሽ ኮምቦልቻ እስካለ ድረስ አንቺ እንደ ላጤ አንደኛ መደብ ነሽ። የጋብቻ ወረቀትሽን ብታሳዪም አይለወጥም። እሱ መጥቶ አብሮሽ መኖር ሲጀምርና ገና ሥራ ካልያዘ ግን ሦስተኛ መደብ መጠየቅ ትችያለሽ። ያኔ ያ 280 ወደ 30 ዩሮ ገደማ ይወርዳል። በጤና መድንሽም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታከማል። ስለዚህ ዕቁቡን ከማሰብሽ በፊት የእሱን ቪዛ አስቢ።

ነዋሪነትሽን ስታስመዘግቢ ሃይማኖትሽን ይጠይቁሻል። እኛ ወሎዎች በአንድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት አለን፤ የአንቺን አልገመትኩም። የካቶሊክና የፕሮቴስታንት አባላት ከግብራቸው 8 ወይም 9 በመቶ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይከፍላሉ። ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ከሆንሽ አይመለከትሽም። «ክርስቲያን» ብለሽ ብቻ አትለፊ፤ ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ኦርቶዶክስ በዪ።

የመጀመሪያ ደመወዜን አልረሳውም። ወረቀቱን የሠራተኞች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ከፈትኩት። ቁጥሮቹን በጣቴ እየተከተልኩ ታች ስደርስ የጠበቅኩት ግማሹ እንኳ የለም። የግብር ቁጥሬ በጊዜ ስላልደረሰ በስድስተኛ መደብ ነበር የቆረጡኝ፤ እሱ ከሁሉም የከበደው ነው። በኋላ መለሱልኝ። ያን ወር ግን እናቴን ደውዬ «አልላክሁም» ማለቴ እስካሁን ያንገበግበኛል። አንቺ እንደደረስሽ ነዋሪነትሽን ቶሎ አስመዝግቢ፤ ቁጥሩ በፖስታ የሚመጣልሽ ከዚያ በኋላ ነው።

ደስ የሚልም አለ። አዳር ስትሠሪ የሚጨመርልሽ ክፍያ አለ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሠራሽበት፣ ጭማሪው እስከ ሰዓት ክፍያሽ 25 በመቶ ድረስ ግብር የለበትም። እዚያ 5 ዓመት ከከፈልሽ ደግሞ የጡረታ መብት ይኖርሻል።

ለእናትሽ የምትልኪውንም ጥቂት ግብር ሊያስመልስሽ ይችላል። ራሳቸውን የማይችሉ ወላጆችን መጦር ከገቢሽ ላይ ይቀነስልሻል፤ ለኢትዮጵያ በ2025 ጣሪያው በዓመት 3,024 ዩሮ ነው። ግን በባንክ፣ በእናትሽ ስም ባለ አካውንት መግባት አለበት። በሰው እጅ የላክሽው ከ2025 ጀምሮ አይቆጠርም። አካውንት ከሌላቸው ሳትሄጂ ሐይቅ ባንክ ወስደሽ አስከፍቺላቸው።

አሁን ቃሉን እንየው። ከ2,000ው ላይ 450 ኪራይና 300 ምግብ ሲነሳ 1,250 ይቀራል። የባቡርና የአውቶቡስ ትኬት በ2025 በወር 58 ዩሮ ነበር። ስልክ አለ። ልብስ አለ፤ የደሴ ብርድ ያሳደገሽ ብትሆኚም የጀርመን ጥር ሌላ ነው። የታመምሽ ቀን፣ የአውሮፕላን ቲኬት ቀንም ይመጣል። ከ600 ዩሮ በላይ በወር ቃል እንድትገቢ አልመክርሽም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ደግሞ ምንም ቃል አትግቢ።

በዚህ ደመወዝ ተማምኖ ትልቅ ዕቁብ መግባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ባለቤትሽ በራሱ ደመወዝ የሚችለውን ዕቁብ ይግባ። ይህን በስልክ አትንገሪው። እሑድ ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ ሂጂና፣ ውሉንና ይህን ስሌት አጠገብ ለአጠገብ ዘርግታችሁ አብራችሁ ደምሩት። ዕቁቡ ገና አልተጀመረም፤ ስሙን ማሰረዝ ይችላል።