ካርዱን ራሳችን ብንሠራውስ? የሰርግ ጥሪ ጥያቄዎቻችሁ

የጥር ሰርግ ያለበት ሰው ከአሁኑ ራሱን ይዟል። አዳራሹ፣ ቬሎው፣ በሬው፣ ዲኮሩ፣ ሁሉም እሳት ሆኗል። ብዙዎቻችሁም «ቢያንስ ከጥሪ ካርዱ ላይ እንቆጥብ» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ጥሩ ቦታ ነው የመረጣችሁት። ካርድ ከሰርጉ ማግስት ፍሪጅ ላይ ከተለጠፈ ዕድለኛ ነው፤ አብዛኛው መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይረሳል። ስለዚህ ሪባኑን፣ ሳጥኑን፣ ድርብ ፖስታውን ያለ ጸጸት ሰርዙት። የተጠሪው ስምና ካርዱን ይዞ የሚሄደው ሰው ላይ ግን አትሰስቱ። ሰው «ተጠራሁ» የሚለው በነሱ ነው።

«እንግዳችን 400 ገደማ ነው። ለ400 ካርድ የተነገረን ዋጋ አስደነገጠን። እጮኛዬ ቤት ባለችው ፕሪንተር እናትመው ይላል። ያዋጣል?» (ሙሽሪት፣ ከሰሚት)

እህቴ፣ መጀመሪያ 400 የሚለውን ቁጥር ተዪው። ካርድ የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ለቤት ነው። ባልና ሚስት አንድ ካርድ ነው። ከወላጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ልጆች ከነወላጆቻቸው አንድ ካርድ ነው። መሥሪያ ቤትሽ ያሉት አሥራ ሁለቱ ባልደረቦችሽ፣ በየግል ካልተቀየሙ፣ አንድ ካርድ ቢሮ ላይ ይበቃቸዋል። ዝርዝሩን በሰው ስም ሳይሆን በቤት ጻፊውና እንደገና ቁጠሪ። የኔ ታናሽ እህት ስታገባ 400ው ወደ 160 ወርዷል፤ ያንቺንም 160 እንበል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የቤት ፕሪንተር ይቅርባችሁ። የካርድ ወረቀት ውፍረቱ በካሬ ሜትር ክብደት ይለካል፣ ከ250 እስከ 300 ግራም ነው፤ ቢሮ የምናውቀው የኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው። ትንሿ ፕሪንተር ወፍራሙን ወረቀት ታኝከዋለች። በቀለም ውሃ የምታትም ከሆነች ደግሞ እጁ ላብ ያለው እንግዳ ስማችሁን ይዞት ይሄዳል።

ዲዛይኑን ራሳችሁ ሥሩ፣ ማተሙን ግን ዲጂታል ማተሚያ ላለው ቤት ስጡ። ኦፍሴት የሚባለው ከማተሙ በፊት ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ስለሚሠራለት በሺህ ለሚቆጠር ሥራ ነው የሚያዋጣው፤ ለ160 ካርድ አያስፈልግም። ዋጋ ስትጠይቂ «አንድ ካርድ ስንት ነው?» አትበዪ። «ኤ3 ባለ 300 ግራም፣ ባለቀለም፣ በአንድ ወገን፣ ከነመቁረጫው ስንት ነው?» በዪ። ኤ3 ወረቀት 29.7 በ42 ሳንቲሜትር ነው። ካርድሽን 10 በ14 ካደረግሽው በአንድ ኤ3 ላይ 8 ካርድ ይቀመጣል፣ ዳር ዳሩም ትንሽ ይተርፋል። 160 ካርድ ማለት እንግዲህ 20 ወረቀት ብቻ ነው። አንቺ 22 አሳትሚ። 16 ካርድ ይተርፍሻል፣ ቆይተው የሚታወሱ ዘመዶች ደግሞ ሁልጊዜ አሉ። ይህ መጠን ሲ6 የሚባለው ፖስታ ውስጥ (11.4 በ16.2 ሳንቲሜትር) ሳይጨናነቅ ይገባል። ፖስታውን መርካቶ ከጽሕፈት መሣሪያ ጅምላ ሻጮች በእሽግ ግዢ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ቀለሙ እስከ ካርዱ ጠርዝ አይድረስ፤ ነጭ ዳር ተዪለት። ሲቆረጥ ግማሽ ሚሊሜትር ቢዛነፍ በነጭ ዳር ላይ ማንም አያይብሽም። ደግሞም በመቀስ እንቆርጠዋለን እንዳትሉ። አሥረኛው ላይ እጃችሁ ይደክማል፣ ሃያኛው ላይ ትጣላላችሁ።

«ካንቫ (የዲዛይን መሥሪያው ድረ ገጽ) ላይ ያለው ሁሉ የፈረንጅ ጽጌረዳ ነው። አበሻ አበሻ የሚሸት ነገር እንዴት እናምጣ?» (ከባሕር ዳር)

ይህን ጥያቄ ወደድኩት። የብራና መጻሕፍቶቻችንን አይታችሁ ታውቃላችሁ? በገጹ አናት ላይ እየተጠላለፈ የሚወርድ ጌጥ አለ፣ ሐረግ ይባላል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ከካርዱ አናት ላይ አንድ ሐረግ፣ ከሥሩ ጥቁር ጽሑፍ፣ አለቀ። ስማችሁን በቀይ አድርጉት፤ ጸሐፊዎቹም የከበረ ስም በቀይ ነው የሚጽፉት። ሥዕል የሚችል ጓደኛ ካላችሁ በእጁ ይሣለው፣ በደንብ ስካን አድርጋችሁ ፋይሉ ላይ አስገቡት። በስልክ ካሜራ የተነሣ ፎቶ ጥላ ይኖረዋል።

ሌላው ጥለት ነው። ከሐበሻ ቀሚስ ሰፊ ዘንድ የተራረፈ ጥለት አይጠፋም፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ካላችሁ ሽሮ ሜዳ ጠይቁልን በሉት። አንድ ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ካርዱ ግራ ዳር ላይ ሲለጠፍ ከየትኛውም ሪባን ያምራል። ጫፉ እንዳይተረተር መጀመሪያ ሙጫ ቀቡትና ከደረቀ በኋላ ቁረጡት። ለ160 ካርድ ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ይፈጃል። ሚዜዎቹ ለምን ተመረጡ?

የሚያብረቀርቅና ሸካራ ወረቀት ላይ ግን ገንዘብ አታባክኑ። የሌዘር ፕሪንተር ቀለም በጣም ሸካራ ወረቀት ላይ እኩል አይይዝም፤ ፊደሉ የተበላ ይመስላል።

«ላፕቶፔ ላይ በአማርኛ አሳምሬ የጻፍኩት ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሁሉም ሳጥን ሳጥን ሆነ። ምን ልሁን?» (ሙሽራው፣ ከአዳማ)

ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። ፋይሉን በወርድ ወስደህ ከሆነ፣ የተጠቀምክበት ፊደል (ፎንት) እዚያ ኮምፒውተር ላይ የለም ማለት ነው። አንዳንድ ማተሚያ ቤቶች ደግሞ እስካሁን በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ በፓወር ግዕዝ ነው የሚሠሩት። እሱ ከዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በጋራ ከሚጠቀሙበት የፊደል አሠራር) በፊት የነበረ ስለሆነ የዛሬውን የአማርኛ ጽሑፍ ቀድተህ ብታስገባለት አያነበውም። «ችግር የለም፣ እኛ እንተይበዋለን» ካሉህ እሺ አትበል። የስም ስህተት የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ በሚባሉት የዩኒኮድ ፊደሎች ጻፍና በፒዲኤፍ አስቀምጠው። ፒዲኤፍ በትክክል ከተቀመጠ ፊደሉን ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ክፈተው። እዚያ ከታየ ማተሚያ ቤትም ይታያል። ሙሉው ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና አስወጣና ለእናትህ ስጣት። አንተ መቶ ጊዜ ስላየኸው ስህተቱን አታየውም፤ እሷ ግን የአማቶቿ ስም በ«ሀ» ነው በ«ሐ» የሚለውን ታውቃለች።

«የልጄ አባት ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ካርዱ ላይ እንዴት እናንሣው? ዘመድ ‹ሟች› ብላችሁ ጻፉ ይላል፣ ልጄ ደግሞ ትከፋለች።» (እናት፣ ከጎንደር)

እማማ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ልጅዎ ልክ ነች፤ በደስታ ወረቀት ላይ «ሟች» የሚለው ቃል ባይገባ ይሻላል። ደግሞስ የት ጠፍተው ነው የሚነሡት? የእኛ አገር ስም ደጉ ነገር ይህ ነው። ልጅዎ ስሟ ሲጻፍ የአባቷ ስም አብሮ ይጻፋል። እሳቸው ካርዱ ላይ አሉ።

ጠሪ ሆነው የሚጻፉት እርስዎ ነዎት። ብቻዬን ከበደኝ ካሉ የአባቷን ወንድም ወይም የመጀመሪያ ልጅዎን አብረው ያስጽፉ። «ልጃችን እገሊት እገሌ ከአቶ እገሌ እገሌ ጋር የምትፈጽመውን ጋብቻ ምክንያት በማድረግ ባዘጋጀነው የምሳ ግብዣ ላይ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል» ይበሉና ከሥሩ «አክባሪዎ» ብለው ስማችሁን ያስቀምጡ። የወንዱም ቤት የራሱን ካርድ የሚያወጣ ከሆነ በዚያው ዲዛይን የጠሪውን ስም፣ ቦታውንና ሰዓቱን ብቻ ቀይሮ ያትም። ሁለት ጊዜ ለዲዛይን መክፈል የለም።

«ወንድሜ አዲስ አበባ ያገባል። የካርዱን እንግሊዝኛ እንድጽፍ ተሰጥቶኛል። የቀኑ ነገር ግራ ገባኝ።» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

ግራ መጋባትሽ ጥሩ ምልክት ነው፤ እርግጠኛ የሆኑት ናቸው የሚሳሳቱት። በእኔ ሰርግ አማርኛው «ከቀኑ 6 ሰዓት» ይላል። እንግሊዝኛውን የተረጎመልን ልጅ ስድስቷን እንዳለች አስቀመጣት። አሜሪካ ተወልዶ ያደገው የአጎቴ ልጅ ሱፉን ለብሶ፣ ስጦታውን ይዞ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከች አለ። አዳራሹን እየጠረጉ ነበር። እስካሁን ይነሣብኛል።

ስለዚህ በአማርኛው «ከቀኑ 6 ሰዓት»፣ በእንግሊዝኛው 12 ሰዓት፣ ከጎኑም ቀትር መሆኑን በቃል ጻፊ። ቀኑን ደግሞ ከነዕለቱ። ለምሳሌ እሁድ ጥር 16 ቀን 2019 ዓ.ም. ጃንዩወሪ 24፣ 2027 ላይ ይውላል፤ እሱም እሁድ ነው። ዕለቱ በሁለቱም ካልገጠመ አንዱ ተሳስቷል። ያለፈ ዓመት የሰው ካርድ አይታችሁም አትገልብጡ። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ቀኑ በአንድ ይገፋል። ያው ጥር 16 በ2020 ዓ.ም. ጃንዩወሪ 25 ነው።

ለውጭ እንግዶች የቦታውን ኪው አር ኮድ ከካርዱ ሥር ብታደርጉላቸው ጥሩ ነው። «ነጻ» ብለው የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ኮዱን የሚዘጉ ድረ ገጾች አሉና፣ የጎግል ማፕን ሊንክ በቀጥታ የያዘ ኮድ ይሁን። ለአገር ቤት ሰው ግን ኮዱ አይበቃም። «ከአደባባዩ ወረድ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት» የምትለዋ መስመር ትኑር።

«ካርዱ ላይ ‹ለ2 ሰው› ብሎ ማተም ነውር ነው?»

ነውር አይደለም፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። እኔ ግን አልወደውም፤ የአውቶቡስ ትኬት ያስመስለዋል። ይልቅ የታተመው ላይ «ከነቤተሰብዎ» የሚለውን አታስገቡ። ፖስታው ላይ በእጅ «ለአቶ እገሌና ለወ/ሮ እገሊት» ብላችሁ ጻፉ። ልጆቹንም ለምትፈልጓቸው ብቻ «ከነቤተሰብዎ» ጨምሩ። ለሁሉም ካተማችሁት በኋላ ስድስት ሆነው ቢመጡ አፍን ይዞ መሳቅ ነው። የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ሰው ፈልጉ። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ፣ ቁም ጽሕፈት የሚችል ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ከፖስታው የበለጠ ጌጥ አያስፈልጋችሁም።

«የቁርኣን አንቀጽ ካርዱ ላይ ልናደርግ ነበር፣ እናቴ ከለከለችን።» (ከደሴ) «የእመቤታችንን ሥዕል ላድርግ ብል አያቴ ተቆጡ።» (ከደብረ ብርሃን)

ሁለታችሁንም አንድ ላይ ያስቀመጥኳችሁ መልሱ አንድ ስለሆነ ነው። እናትም አያትም ልክ ናቸው። ካርድ መሬት ይወድቃል፣ ይረገጣል፣ ልጅ ይቀደዋል። ቅዱስ ቃሉንና ሥዕሉን አዳራሹ መግቢያ ላይ በትልቁ አክብራችሁ አስቀምጡ። ካርዱ በጌጥ ብቻ ያምራል።

«ሦስት ሳምንት ቀርቶናል፣ ገና አልጀመርንም።»

ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ! በሉ ጥለቱንም ሐረጉንም ተዉት። ነጭ ካርድ፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ ዛሬ ማታ ፒዲኤፍ፣ ነገ ናሙና። የጥር ሰርገኛ ሁሉ ማተሚያ ቤት የሚሰለፈው በታኅሣሥ መጨረሻ ነውና ገና ጊዜ ያላችሁ ሌሎቻችሁ በኅዳር ጨርሱት።

«ካርድ ጭራሽ ቀርቶ በቴሌግራም ብቻ ብንጠራስ?» (ጥንዶች፣ ከሃያ ሁለት)

ለእኩዮቻችሁ ይሁን። ለስልክ የሚሆን ቁመታም ምስል፣ 1080 በ1920 ፒክስል፣ ለብቻው ሥሩ። የካርዱን ፎቶ አንሥታችሁ አትላኩ። ስትልኩም በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩት፤ ቴሌግራም ፎቶውን ሲያሳንሰው ጽሑፉ ይደበዝዛል። ግሩፕ ላይ ወርውሮ መጥፋትም የለም። ለእያንዳንዱ ስሙን ጠርታችሁ ላኩለት።

ለትልልቆች ግን አይሆንም። የአባታችሁ ታላቅ ወንድም በስልክ ምስል ተጠራሁ አይሉም። ሰላሳ አርባ ካርድ አሳትሙና ለነሱ ብቻ አድርሱ። ክፍለ ሀገር ላለው መጀመሪያ ደውሉ፣ ምስሉ ይከተል።

ስለ ማድረሱ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔ ግን ልናገር፤ ምክንያቱም የታክሲና የነዳጅ ወጪው የካርዱን ሊበልጥ ይችላል። ዝርዝሩን በሰፈር ለዩት። የኮተቤው ለአንድ ሚዜ፣ የጀሞው ለሌላው። የእድርና የማኅበር ቀን ሲኖር እናት አሥራ አምስቱን በአንድ ጊዜ ትጨርሰዋለች። አክስቶችንና አጎቶችን ግን ራሳችሁ ሂዱ፣ በቀንም ከአራት ቤት በላይ አታቅዱ። ቡና ሳይፈላ የሚያስወጣችሁ የለም።