መልስ፦ ጥብሱን ከነፎሙ ማይክሮዌቭ ውስጥ ላሙቀው?

እህቴ፣ ከምግብ ቤት ያመጣሽውን ጥብስ ከነፎም ዕቃው ማይክሮዌቭ ውስጥ ባሞቀው ችግር አለው ወይ ብለሻል። እባክሽ አታድርጊው። ሳህን ላይ ገልብጪው።

ነጩ ፎም የሚሠራው ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። ዘይትና ቅቤ ደግሞ ከፈላ ውኃም በላይ ይግላሉ። ስለዚህ ቅባቱ የነካው ቦታ ሊቀልጥ፣ ሊበሳም ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ስታይሪን፣ ማለትም ፖሊስታይሪን የሚሠራበት ኬሚካል ነው። ከዕቃው ወደ ምግቡ ይገባል፤ ምግቡ ትኩስና ቅባታም ሲሆን ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ስታይሪንን ካንሰር አምጪ ሳይሆኑ አይቀሩም ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል።

የሚገባው መጠን ትንሽ ነው። አንድ ሁለቴ አሙቀሽ በልተሽ ከሆነ አትደንግጪ። ለማይክሮዌቭ ተብሎ የተፈተነ ፎምም አለ፤ ዕቃው ላይ ተጽፎበታል። ጽሑፉ ከሌለ ግን በጭራሽ። እኔ ባለሁበት የአሜሪካ ግዛት ሜሪላንድ እንኳን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ምግብ ቤቶች በፎም ምግብ እንዳይሰጡ ተከልክለዋል፤ ዋናው ምክንያት ግን ቆሻሻው ነው።

የብርጭቆ ወይም የሸክላ ሳህን ተጠቀሚ። እንጀራውን ለብቻ አስቀምጪና ጥብሱን ብቻ አሙቂ። ክዳኑም ፎም ከሆነ እሱን አትክደኚበት፤ ሌላ ሳህን ድፊበት።