ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በስፕሪንግ ብሬክ ልጆችን ይዞ አዲስ አበባና ሐዋሳ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። በልጆቹ ስፕሪንግ ብሬክ አዲስ አበባ ከቤተሰብ ጋር እንሰነብትና ሦስት ሌሊት ሐዋሳ እናድራለን። ልጆቼ የ4 እና የ11 ዓመት ናቸው፤ ሁለቱም የተወለዱት አሜሪካ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው የ67 ዓመት እናቴም አብረውን ይሄዳሉ፤ ሁዳዴን ይጾማሉ። ለመነሳት ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። እኔ ያደግሁት ሐዋሳ ነው፤ በልጅነቴ ወባ ደጋግሞ ይዞኛል። የወባ ክኒን ለእኔም ያስፈልገኛል? ለልጆቹስ ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ አዎ፣ ለእርስዎም ያስፈልጋል። በልጅነት ደጋግሞ በወባ መያዝ የሚሰጠው ከፊል መከላከያ ወባ በሌለበት አገር ሲኖሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይጠፋል። ልጆችዎ ደግሞ ፈጽሞ የላቸውም። አሜሪካ ውስጥ ከሚታከሙ የወባ ሕመምተኞች አብዛኞቹ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው የተመለሱ ናቸው። አገሬ ነው፣ አውቀዋለሁ ብሎ ያለ ክኒን መሄድ አንዱ ትልቅ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ለከተማዋ የወባ ክኒን አያስፈልግም። ሐዋሳ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ወባ አለ። ለአጭር ጉዞ በብዛት የሚታዘዘው ማላሮን በሚል ስም የሚታወቀው አቶቫኮን ፕሮጓኒል ነው። ወደ ሐዋሳ ከመሄዳችሁ ከ1 እስከ 2 ቀን አስቀድማችሁ ትጀምራላችሁ፤ እዚያ እስካላችሁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከሐዋሳ ከወጣችሁ በኋላም ለ7 ቀናት ትወስዳላችሁ። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ይህንን የመጨረሻውን ሳምንት ነው። ትንኟ በመጨረሻው ሌሊት ብትነድፍ የወባው ጥገኛ ተሕዋስ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ገብቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ይራባል፤ ክኒኑ እዚያው እንዲያገኘው ነው 7 ቀን የተባለው። ቀኖቹ ቨርጂኒያ ከገባችሁ በኋላ የሚያልቁ ከሆነ እዚያው ጨርሱ።

የልጆቹ መጠን የሚሰላው በክብደት ነው፣ በዕድሜ አይደለም። ከ11 እስከ 20 ኪሎ ለሆነ ልጅ በቀን 1 የሕፃናት ክኒን፣ ከ21 እስከ 30 ኪሎ 2፣ ከ31 እስከ 40 ኪሎ 3፣ ከ40 ኪሎ በላይ 1 የአዋቂ ክኒን ነው። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ሁለቱንም ይመዝኗቸው። መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ነው፤ ለትንሹ ልጅ አድቅቀው ከወተት ጋር ሊሰጡት ይችላሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስታወከ መጠኑን ይድገሙለት። እናትዎ የዕለቱን ጾም ሲፈቱ ዘይት ካለው ሽሮ ወይም ምስር ጋር ቢወስዱት ይበቃል። ስኳርና ግፊት ኩላሊት ስለሚጎዱ ግን አስቀድመው ክሬአቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ይለኩ፤ ኩላሊታቸው በጣም ከደከመ ይህ መድኃኒት አይሰጣቸውም።

ክኒኑ ብቻውን አይበቃም። የወባ ትንኝ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ሐዋሳ ላይ አመሻሽ በሐይቁ ዳር ስትንሸራሸሩ ረጅም እጅጌና ሱሪ ልበሱ፤ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት (DEET) የሚባል ንጥረ ነገር ያለው የትንኝ ማባረሪያም ተቀቡ። የፀሐይ ክሬም የምትቀቡ ከሆነ ክሬሙ ይቀድማል፣ ዲቱ ከላይ ይሆናል። በልጆች እጅ ላይ አይቀቡት፤ ወደ አፋቸውና ዓይናቸው ይወስዱታል። አጎበር በሌለበት ክፍል እንዳታድሩ።

ሦስት ሳምንት ለክትባት ይበቃል፤ ቀጠሮውን ግን ዛሬ ይያዙ። ሁሉም የሕፃናት ክሊኒክ የታይፎይድና የቢጫ ወባ ክትባት ስለማይኖረው የተጓዦች ክሊኒክ ይደውሉ። የታይፎይድ መርፌ ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት መሰጠት አለበት። ሄፓታይተስ ኤ እስከ መነሻው ቀን ድረስ ይጠቅማል። የቢጫ ወባ ክትባት ለመሥራት 10 ቀን ይፈልጋል፤ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑ ሰዎች የጎንዮሽ ጉዳቱ ስለሚያሰጋ ለእናትዎ ሐኪሙ አመዛዝኖ ይወስን። የ4 ዓመቱ ልጅ ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ካልወሰደ፣ ከቢጫ ወባው ጋር በአንድ ቀን ይሰጠው፤ በአንድ ቀን ካልተሰጡ ሌላኛው ቢያንስ 4 ሳምንት መጠበቅ ስላለበት ጉዞው ላይ አይደርስም።

ስለ ውሻም ላስጠንቅቅዎ። አሜሪካ ያደገ ልጅ ያየውን ውሻ ሁሉ ሊዳብስ ይጠጋል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ በሐይቁ ዳር ያሉት ጦጣዎች ምግብ ከልጅ እጅ ይነጥቃሉ፤ ሲነጥቁም ይቧጭራሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ አስቀድሞ መከላከል ግን ይቻላል። ልጆቹን «ከተነከሳችሁ ወይም ከተቧጨራችሁ አልቆጣችሁም፣ ወዲያው ንገሩኝ» ይበሏቸው፤ ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ሰዓት ይዘው ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ሕክምና ይሂዱ። ያልተከተበ ሰው ከክትባቱ በተጨማሪ ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ ኢሙኖግሎቡሊን (የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) ያስፈልገዋል፤ ይህ መድኃኒት በቀላሉ አይገኝም። አስቀድመው በ7 ቀን ልዩነት 2 መርፌ የወሰዱ ልጆች ግን ቢነከሱ ኢሙኖግሎቡሊን አያስፈልጋቸውም፤ ሁለት ተጨማሪ መርፌ ብቻ ይበቃቸዋል። ለልጆችዎ ስለዚህ ክትባት ክሊኒኩን ይጠይቁ፤ ዋጋው ከበድ ይላል፣ እኔ ግን ለትንሹ ቢሰጥ እመርጣለሁ።

ምግቡን በተመለከተ የጋለ ወጥና እንጀራ ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው ጥሬው ነው፤ ሰላጣ፣ በውኃ የተቀጠነ ጁስ፣ በረዶ፣ ያልፈላ ወተት፣ ክትፎና ጥሬ ሥጋ። የሐዋሳው ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ላይ በዳጣ የሚቀርበውን ጥሬ ዓሣ ለልጆቹ አያቅምሷቸው፤ የተጠበሰው ይበቃል። ውኃ አፍልታችሁ የምትጠጡ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ውኃ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ነው። ሐዋሳ ላይ 1 ደቂቃ ይበቃል። ጥርስ የሚቦረሽበትም ውኃ ይኸው ይሁን።

ተቅማጥ ቢመጣ ዋናው ሕክምና ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ነው፤ ቢያንስ 6 ከረጢት ይያዙ። ከረጢቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ልክ ይበጥብጡት፤ በጣም የቀጠነ አይረዳም፣ የወፈረ ደግሞ ተቅማጡን ያባብሳል። ለ4 ዓመቱ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይስጡት። ካስታወከ 10 ደቂቃ ይጠብቁና በየ1 ወይም 2 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ እያሉ ይቀጥሉ። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ለ8 ሰዓት ሽንት አለመሽናት፣ ሲያለቅስ እንባ ማጣት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከታየ ቤት አትቆዩ። ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ለትንሹ አይስጡት።

ሐይቁን በጀልባ ዙሩት፤ አትዋኙበት። የሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለበት፤ እግር ብቻ መንከርም ሊያስይዝ ይችላል። ከነካችሁ ከተመለሳችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ተመርመሩ።

ወደ እናትዎ ልመለስ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊፒዛይድ ያለ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ መጾም ስኳራቸውን አደገኛ ደረጃ ሊያወርደው ይችላል። ስቅለት ላይ ሳይጠጡ ሲሰግዱ መዋል ደግሞ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ራስ አዙሮ ይጥላል። መጠኑ እንዴት እንደሚስተካከል ከመነሳታችሁ በፊት ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ። ስኳራቸው ከ70 ከወረደ ጾም ነው ሳይባል 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይስጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ኢንሱሊኑ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ሊረጋና ሊበላሽ ይችላል። የ7 ሰዓቱ ልዩነት ቀኑን ስለሚያሳጥረው የመጀመሪያው ቀን መጠን በጽሑፍ ይሰጣቸው። በረራው ላይ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተው ይንቀሳቀሱ።

የትንሹን ልጅ ካር ሲት ከአሜሪካ ይዛችሁ ሂዱ። የሚከራዩት መኪና የኋላ ቀበቶ እንዳለው ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ወደ ሐዋሳ በቀን ተጓዙ። የመንገድ አደጋ ጤነኛ ተጓዥን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ነው።

ከተመለሳችሁ በኋላ በማናችሁም ላይ ትኩሳት ቢነሳ፣ ክኒኑን ሳታዛንፉ ብትጨርሱም፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። «ኢትዮጵያ፣ ሐዋሳ ነበርን፤ የወባ ምርመራ ይደረግልን» በሉ፤ ካልተናገራችሁ ኢንፍሉዌንዛ ነው ብለው ሊመልሷችሁ ይችላሉ። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሳ ስለሚችል ይህን ለአንድ ዓመት ያህል አትርሱ። የመጀመሪያው የደም ምርመራ ምንም የለም ቢልም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ልዩነት እየተደገመ በጠቅላላው 3 ጊዜ እንዲታይ ጠይቁ።