ለእማዬ የተሸጠው ዱቄት እና የሴሎቻችን እርጅና

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ሰሞኑን አንዲት ሴትዮ ቤት ድረስ መጥታ «ሚቶኮንድሪያን ያድሳል» ብላ በጣሳ የታሸገ ዱቄት ሸጠችላት። «ሚቶኮንድሪያ የሴል ጀነሬተር ነው፣ እሱ ከተጠገነ እርጅና ወደ ኋላ ይመለሳል» ነው ያለቻት። ዋጋውን ባልነግራችሁ ይሻላል፣ የወር አስቤዛችንን ያህላል ብቻ። እማዬ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ እየለካች በሞቀ ውሃ ትጠጣዋለች። የምር ይሠራል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቶሎ ልገላግልሽ። እርጅናን ወደ ኋላ እንደሚመልስ በሰው ላይ የተረጋገጠ ነገር እስካሁን የለም፣ በጣሳም ይምጣ በክኒን። የሴትየዋ ወሬ ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ ምክንያቱም ግማሹ ልክ ነው።

ሚቶኮንድሪያ ለሴል ጉልበት ያመርታል፤ ስናረጅም እየደከመ ይሄዳል። የተሳሳተችው ለብቻው ተቀምጦ የሚሠራ ማሽን ማስመሰሏ ላይ ነው። የራሱ ዲኤንኤ አለው፣ ግን በሰው ሴል ውስጥ እዚያ ላይ ያሉት ጂኖች 37 ብቻ ናቸው፤ ፕሮቲን የሚሠራባቸው ደግሞ 13ቱ። የቀሩት ከአንድ ሺህ የሚልቁ ፕሮቲኖች ትዕዛዛቸው የሚመጣው ከኒውክለስ፣ ማለትም ዋናው ዲኤንኤ ከሚቀመጥበት የሴሉ ማዕከል ነው። ካልሲየምና ቅባት ከጎረቤቱ ከኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (በሴሉ ውስጥ ከተዘረጋ የሽፋን መረብ) ይቀበላል። ካልሲየሙ ሲያንሰው ጉልበት ማምረት ያቅተዋል፣ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ሴሉን እስከ መግደል ይደርሳል። ሲበላሽስ? ፈጭቶ የሚያስወግደው ላይሶዞም ነው። እንግዲህ ከነዚህ ጋር ያለው መልእክት ከተቋረጠ ሚቶኮንድሪያውን ብቻ መቀለብ ምን ይጠቅማል?

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ሙከራ አለ። አዳም ሂዩዝ እና ዳንኤል ጎትሽሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ነው፣ የሠሩትም በእርሾ ላይ ነው፤ አዎ፣ ለዳቦ ከሱቅ በምንገዛው ዓይነት እርሾ። አንዲት እናት የእርሾ ሴል ልጆች እያበቀለች ትቆይና ሃያ ምናምን ጊዜ ከወለደች በኋላ አርጅታ ታቆማለች። በውስጧ ቫኪዩል የሚባል አሲድ የሞላው ከረጢት አለ፣ ሥራው ከኛ ላይሶዞም ጋር ይመሳሰላል። ተመራማሪዎቹ ሲከታተሉ ቀድሞ የተበላሸው ሚቶኮንድሪያው አልነበረም። ገና በወጣትነቷ፣ ጥቂት ልጆች እንደወለደች፣ የቫኪዩሉ አሲድ መቀነስ ይጀምራል፤ ሚቶኮንድሪያው የሚደክመው ከዚያ በኋላ ነው። አሲዱ እንዳይቀንስ በጂን በኩል ሲያስተካክሉላት ሚቶኮንድሪያዋ ደህና ሆኖ ቆየ፣ ዕድሜዋም ረዘመ። ልብ በይ፣ ሚቶኮንድሪያውን አልነኩትም።

የሚገርመው ደግሞ አዲስ የሚወለዱት ልጆች አሲዱን አስተካክለው ነው የሚጀምሩት። እናትየው ትቀራለች፣ ልጅቷ ከዜሮ ትነሳለች።

አንዱ የሌላውን ጤና እንዴት እንደሚያበላሽም በኋላ ተገኝቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2020። ቫኪዩሉ አሲዱ ሲቀንስ ሲስቲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ይዞ ማቆየት ያቅተዋል። ሲስቲኑ ከቫኪዩሉ ውጭ በሴሉ ውስጥ ሲጠራቀም ብረት ለሚቶኮንድሪያው እንደ ልብ እንዳይገኝ ያደርጋል፣ ያለ ብረት ደግሞ ሚቶኮንድሪያ አይሠራም።

እርሾ እናትሽ አይደለችም፣ ይገባኛል። ግን በሰውም ላይ ፍንጭ አለ። ፒንክ1 እና ፓርኪን የሚባሉት ጂኖች የተበላሸ ሚቶኮንድሪያ ላይ «ይወገድ» የሚል ምልክት ያደርጋሉ። እነዚህ ጂኖች ችግር ያለባቸው ሰዎች ገና በለጋ ዕድሜ በፓርኪንሰን በሽታ ሊያዙ ይችላሉ።

ለእማማ የምመክረው? ጣሳው ሲያልቅ አይደገም። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን እስኪያልቅም አትጠብቂ፣ ጣሳውን ይዘሽ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አሳዪ። በገንዘቡ ምስርና እንቁላል ግዢበት። ከዚያ ጠዋት ጠዋት አብራችሁ በእግር ውጡ፣ መንገዱ ጭቃ ካልሆነ (የክረምቱን ኮዬ ፈጬ ለናንተ አልነግራችሁም)። ጡንቻ ሲሠራ ለኒውክለስ መልእክት ይደርሰዋል፣ አዲስ ሚቶኮንድሪያ እንዲሠራ ይታዘዛል፣ ያረጀውም ይወገዳል። ይሄ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይም ታይቷል። ለሱ ደግሞ ማንም ጣሳ አይሸጥልሽም።

ጥያቄ፦ ቲክቶክ ላይ «ጾም ሴል ያጸዳል፣ ወጣት ያደርጋል» ይላሉ። እኛ ለገጣፎ ቤተሰቡ በሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን። ታዲያ ለምን እናረጃለን?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አሳቀኝም። ነገሩ ከባዶ አልመጣም። ሴል ሲራብ የራሱን ያረጀ ዕቃ ሰብስቦ ወደ ላይሶዞም ይልካል፣ እዚያ ተፈጭቶ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል። ይሄ እንዴት እንደሚሆን የተራበ እርሾ ላይ ያሳዩት ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል ተሸልመውበታል። ግን እርሾን፣ ትልንና አይጥን ማስራብ ሌላ፣ ሰውን ሌላ። በሰው ላይ በስንት ሰዓት ጾም የትኛው ሴል ምን ያህል እንደሚጸዳ መለካት ራሱ ከባድ ነው፣ «16 ሰዓት ከሞላህ ጸዳህ» የሚሉት ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት እነሱ ይናገሩ። ደግሞ ላይሶዞሙ ራሱ ከደከመ የሚላክለትን ሁሉ አይፈጭም። ጾሙ ለእምነትህ ነው፣ በርታ። ቤት ውስጥ አዛውንት ካሉ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሻይ በዳቦ ብቻ እንዳይሆን፣ ሽሮውም ምስሩም ጠንከር ይበል፤ በዚያ ዕድሜ የሄደ ጡንቻ ቶሎ አይመለስም።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ። መጽሐፋችን ላይ ኦርጋኔሎቹ (እነ ሚቶኮንድሪያ፣ በሴል ውስጥ ያሉት ክፍሎች) ተራርቀው ነው የተሳሉት። በእውነት ይነካካሉ እንዴ?

መልስ፦ በደንብ እንጂ። ሚቶኮንድሪያና ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ተጠጋግተው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከታዩ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ከ10 እስከ 30 ናኖሜትር ገደማ ነው፣ አያይዘው የሚይዟቸው ፕሮቲኖችም አሉ። ፈተና ላይ ግን መጽሐፉ ያለውን ጻፍ፣ ማርክ የሚሰጠው እሱ ነው።