ሲትኮም ልጻፍ ወይ ላለችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ለንደን ተወልዳ ያደገች አንዲት የሐበሻ ልጅ «ጋሼ፣ ሲትኮም መጻፍ ያዋጣል ወይስ ጊዜው አልፎበታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሲትኮም ማለት እነዚያው ገጸ ባሕርያት በየክፍሉ የሚመላለሱበት ተከታታይ አስቂኝ ድራማ ነው። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

እዚሁ ለንደን በድምፅ ባለሙያነት ስሠራ፣ ተመልካች ፊት የሚቀረፅ አንድ ሲትኮም ላይ ተመድቤ ነበር። ከተመልካቹ ወንበር በላይ የተሰቀሉት ማይክሮፎኖች የእኔ ኃላፊነት ናቸው፤ ሳቁ ለብቻው ይቀዳል። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሰዉ የሚስቀው ቀልድ ሲነገር ብቻ ነበር። አራተኛው ላይ ዋናው ተዋናይ ደብዳቤ ከፍቶ አነበበና ምንም ሳይናገር ቀና አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ የመለኪያው መርፌ ቀዩ ላይ ደረሰ። ሰዉ ገጸ ባሕሪውን ለምዶታል፤ ምን ሊል እንደሆነ ከአፉ ሳይወጣ ያውቀዋል። ሲትኮም የሚባለው ነገር የተወለደው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ከስድስት ክፍል በኋላ ግን «ተመልካች አላገኘም» ተብሎ ቀረ። ጸሐፊው ወጣት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስክሪፕት አልነካም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

የቢቢሲው ሲትኮም «ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ»ም እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጀመር ብዙ ተመልካች አልነበረውም። ቢቢሲ ታገሠው፤ በ1996 የገና ሰሞን አንዱን ክፍል ከ24 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። ሌላው ሲትኮም «ብላክአደር»ም ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሊሰረዝ ተቃርቦ፣ ወጪው ተቀንሶ ነው የቀጠለው። ከ1961 ጀምሮ ደግሞ «ኮሜዲ ፕሌይሃውስ» የሚባል የመሞከሪያ ፕሮግራም ነበር፤ «ስቴፕቶ ኤንድ ሰን» የተባለው ሲትኮም የወጣው ከዚያ ነው።

ይህ ትዕግሥት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ የሚመጣው ሕዝቡ በየዓመቱ ከሚከፍለው የቴሌቪዥን ፈቃድ ነው። መንግሥት ክፍያውን ከ2010 ጀምሮ ለዓመታት 145.50 ፓውንድ ላይ አቆመው፤ በ2022 ደግሞ እንደገና ለሁለት ዓመት 159 ላይ። ኑሮ ሲወደድ ገቢ ባለበት ከቆመ፣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ሙከራ ነው። ለአዳዲስ ጸሐፊዎች በር ይከፍት የነበረው ቢቢሲ ስሪ የተባለው ጣቢያ በ2016 ከቴሌቪዥን ወርዶ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ቀረ፤ የተመለሰው በ2022 ነው።

እናንተ ወጣቶችም ትዕግሥት የላችሁም። አምስት ደቂቃ ካላሳቃችሁ ወደ ሌላው ታልፋላችሁ። ግን ደግሞ ቢቢሲ ስሪ ላይ የተጀመረው ሲትኮም «ጋቪን ኤንድ ስቴሲ» በ2024 የገና ዕለት ሲያልቅ፣ በዚያው ምሽት ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው የተመለከተው። የእኔም የእህቴ ልጆች ስልካቸውን ጥለው ከእናታቸው ጋር ሶፋው ላይ ተደርድረው አይተውታል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ እናንተ ላይ መጫኔ ልክ ላይሆን ይችላል።

አንቺ ልጄ፣ ጻፊ። መጀመሪያ ለሬዲዮ ሞክሪው፤ ወጪው ትንሽ ስለሆነ አዲስ ሰው ቶሎ ይቀበላሉ። ኮሜዲያኑ ቶኒ ሃንኮክም በ1954 ሬዲዮ ላይ ጀምሮ ነው በ1956 ቴሌቪዥን የገባው። ቢቢሲ የሚተዳደርበት ሰነድ፣ ማለትም ቻርተሩ፣ በ2027 መጨረሻ ያበቃል፤ ስለ ክፍያው አሁን ክርክር አለ። የሚወራው ስለ ዜና ብቻ ነው፤ ኮሜዲን የሚያነሣ ሰው ብዙም አልሰማሁም። እናንተ አንሡት።